ቦርድ ፊት ቀርበህ «ደህና ነኝ» አትበል

የአንባቢ ደብዳቤ

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ38 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ጅማ፣ ኮቺ አካባቢ ነው። አንድ የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ውስጥ ለ9 ዓመት ጫኝና አውራጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ቋሚ ነኝ፣ ጡረታም ይቆረጥብኛል። ከስምንት ወር በፊት ጆንያ ተሸክሜ አይሱዙ ላይ ስወጣ ሳንቃው ከዳኝና ወደቅኩ። ጆንያው ወገቤ ላይ አረፈ። ሳንቃው መሰንጠቁ ለፎርማኑ ተነግሮት ነበር። ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ነክቷል ተባልኩ። አሠሪዬ መጀመሪያ ሙሉ ደመወዝ ከፈለኝ፣ ከዚያ እየቀነሰ መጣ፣ አሁን ደግሞ «የቆየ ሕመም ነው» ይላል። በመጪው ወር የሕክምና ቦርድ ፊት እቀርባለሁ። ሐኪም ፊት ስቆም ቃል ያጥረኛል። ቤት የምናወራው ደግሞ በኦሮምኛ ነው። የሰፈር ሰው አንዱ «ክራንች ይዘህ ግባ»፣ ሌላው «ምንም አልችልም በል፤ እችላለሁ ካልክ አምስት ሳንቲም አታገኝም» ይለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ወገቤን አሞኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ልደብቀው? ከአደጋው በኋላም ወጌሻ ጋ ታሽቻለሁ። ቅዳሜ በርጫ ላይ ያዩኝ ልጆች ለአሠሪው ነግረዋል። ጠበቃ ልያዝ? ባለቤቴንስ ይዤ ልግባ? ሶላቴን እንኳ የምሰግደው ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወገቤ ነኝ፣ ከጅማ።»

መልስ

ወንድሜ፣ አላህ ያሽርህ።

ትልቁን ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጥለኸው ነው ያለፍከው። ሶላትህን ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው። ዘጠኝ ዓመት ጆንያ የተሸከመ ሰው ዛሬ ለሩኩዕ ማጎንበስ፣ ለሱጁድ መውረድ አቅቶታል ማለት ነው። ያውም በቀን አምስት ጊዜ። ቦርዱ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ወገብህ ምን ከለከለህ የሚለውን። መቶ ጊዜ «በጣም ያመኛል» ከማለት ይህች አንድ መስመር ትበልጣለች። ቃል አጠረኝ ብለሃል፤ ቃሉማ አለህ።

ከአሠሪህ ይልቅ የምፈራልህ ጨዋነትህን ነው። ስትገባ አንዱ ሐኪም «እንዴት ነህ?» ይልሃል። አንተም እንደለመደብህ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አሁን ተሽሎኛል» ትላለህ። እኛ አገር ከአልጋ መነሳት ያቃተው ሰውም እንዲሁ ነው የሚለው። ሐኪሙ ግን እየሰማ ይጽፋል። መዝገብ ላይ «ተሽሎታል» ተብሎ የገባን ነገር ማስወጣት ደግሞ አበሳ ነው። ምስጋናህን አታስቀር። አስከትለህ ግን ያለህበትን ተናገር፦ «አልሐምዱሊላህ። ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ጫማዬን የምታስርልኝ ባለቤቴ ናት።» ይህን የምትለው በእርግጥ እሷ የምታስርልህ ከሆነ ነው። ካልሆነ የራስህን ፈልግ።

ቦርዱ ምን እንደሚወስን አስቀድመህ እወቅ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ቦርዱ ገንዘብ አይቆርጥልህም። ጉዳትህ ዘላቂ ነው ወይስ የሚድን? ዘላቂ ከሆነ ስንት ፐርሰንት ነው? ከእንግዲህስ መሥራት ትችላለህ? እሱ የሚመልሰው እነዚህን ነው። ገንዘቡ ከዚያ ተነስቶ በሕጉ ይሰላል። አንተ 7 በመቶ፣ አሠሪህ 11 በመቶ ለጡረታ ስታስገቡ ስለቆያችሁ ጉዳይህ የሚታየው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። በሥራ ላይ የደረሰው ጉዳት ከ10 በመቶ ካላነሰ ሁለት መንገድ አለ። ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ጨርሶ መሥራት የማይችል ሰው በየወሩ የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል። ጉዳቱ ኖሮበት መሥራት የሚችል ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ይሰጠዋል። (ጡረታ የማይቆረጥላችሁ አንባቢዎች፣ የእናንተን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ካደረጋችሁ የ5 ዓመት ደመወዝ፣ ከፊል ከሆነ ከዚያ ላይ በፐርሰንቱ ልክ።)

ስለዚህ «እችላለሁ ካልክ አምስት ሳንቲም አታገኝም» ያለህ ሰው ሕጉን አያውቀውም። «ጆንያ መሸከም አልችልም፤ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ የሚሠራ ቀላል ሥራ ግን ለጥቂት ሰዓት እሞክር ይሆናል» ማለት ባዶ እጅህን አያስቀርህም። «ምንም አልችልም» የሚለው ግን ሊያስቀርህ ይችላል። በእግርህ መጥተህ፣ ኮሪደር ላይ ተራ ጠብቀህ፣ ወንበር ስበህ ነው የተቀመጥከው። አይተውሃል እኮ።

ክራንቹንም እርሳው። ሐኪም ያላዘዘለት ሰው ክራንች ሲይዝ ገና ከበሩ ያስታውቅበታል። ደግሞ ሐኪሞቹ ዘዴ አላቸው። አልጋ ላይ አስተኝተው እግርህን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ ያነሱና ሕመሙ የት ላይ እንደሚጀምር ይጠይቁሃል። ቆየት ብለው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ፣ ጉልበትህን የሚያዩ መስለው ያንኑ እግር ይዘረጉታል። ነርቩ ከተነካ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ይሰማል። ተኝተህ «ወይኔ» ብለህ፣ ተቀምጠህ ጭጭ ካልክ ይጽፉታል። አንተ ምን አስጨነቀህ? ሕመሙ የምርህን ነው፣ ኤምአርአዩም አለ። አጉል ትወና ደርበህ እውነተኛውን አታስጠርጥር።

ቀጥሎ «ምን ያህል ጊዜ ትቀመጣለህ?» ይመጣል። «ብዙም አልቀመጥም» መልስ አይደለም። ሰዓት ለክተህ የማታውቅ ከሆነ በቡናው ለካው፤ ጅማ ተቀምጠህ ቡና ሳይፈላ አይውልም። አቦል እስኪቀዳ ትቆያለህ? ቶና ላይ ነው የምትነሳው ወይስ በረካ ይደርስልሃል? የቱ እግርህ ነው የሚደነዝዘው፣ መቼ? ይህን ሳምንት ሰዓትህን እያየህ ተከታተለው። ከዚያ ቦርዱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ትላለህ፦ «ግማሽ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። ከዚያ ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል፤ ተነስቼ ካልተንጎራደድኩ አይለቀኝም።» መንገዱንም እንደዚሁ። ከአጂፕ ሂርማታ ገበያ ድረስ ሳታርፍ ትሄዳለህ ወይስ መሃል ላይ የምትደገፈው ግድግዳ አለህ? ባጃጅ ጉድጓድ ሲገባ ምን ትሆናለህ? ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ካልቻልክ ባለ 5ቱንስ? ሌሊት ስንቴ ያባንንሃል? ደህና ቀንና ክፉ ቀን ካለህ ሁለቱንም ተናገር፤ በሳምንት ክፉው ስንት እንደሆነ ጨምር። የባሰውን ቀን ብቻ የሚያወራ ሰው ይታወቅበታል። የተሻለውን ብቻ የሚያወራው ደግሞ ራሱን ይጎዳል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ማስታገሻህን ዋጥ። ሕመሙ እንዲታይልኝ ብለው ክኒን ሳይውጡ የሚሄዱ አሉ፤ ራስን ማሰቃየት ነው። ግን «ከመምጣቴ በፊት ይህን ውጬ ነው» ብለህ ንገራቸው፤ መድኃኒቱንም ከነማሸጊያው አሳያቸው። የሚያስተኛህ ወይም ራስህን የሚያዞርህ ከሆነ እሱም ይነገር።

ሥራህን ሲጠይቁህ «መጋዘን ውስጥ ነው» ብለህ አትለፍ። መጋዘን ውስጥ መዝገብ የሚይዝም አለ። ያንተ ሥራ 60 ኪሎ ጆንያ በትከሻ ተሸክሞ፣ በሳንቃ ላይ ወጥቶ መኪና ላይ መደርደር ነው። በቀን ስንት ምልልስ እንደነበር አስበህ ሂድ። ወደ ነበርክበት ሥራ መመለስ ትችላለህ ወይ የሚለውን የሚመዝኑት ከዚያ ተነስተው ነው።

ወደ አሮጌው ሕመም እንምጣ። አሠሪህ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና ጠንቀቅ በል። እንዳትደብቀው። ክሊኒኩ ካርድህን ይዞታል። ደብቀህ ከተገኘብህ የወደቅክበት ቀን እንኳ ይጠረጠራል። ከመደበቅ ይልቅ ልዩነቱን አሳይ። ያኔ ምን ነበር ያመመህ? ስንት ቀን አረፍክ? ከዚያስ ተሸከምክ? እውነቱ እንደዚህ ከሆነ እንደዚህ በለው፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ወገቤን አሞኝ መርፌ ተወግቼ ነበር። ጥቂት ቀን አርፌ ሥራ ገባሁ። እስከወደቅኩበት ቀን ድረስ ስሸከም ነበር። እግሬ መደንዘዝ የጀመረው ከወደቅኩ ወዲህ ነው።» የሥራ መግቢያ ፊርማው ላይ ስምህ በየቀኑ ካለ ኮፒውን አውጣ። ከዚያ ሕመም በኋላ እስከወደቅክበት ቀን ድረስ ሙሉ ጉልበትህን ይዘህ መሥራትህን እሱ ይመሰክርልሃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የዲስክ ማርጀት ምንም ሕመም የሌለበት ሰው ኤምአርአይ ላይም ይታያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከሐኪሞቹ አንዱ «ይሄ የቆየ ይመስላል» ቢልህ አሠሪህ ገዝቶታል ብለህ አትቆጣ። ፎቶው የሚያሳየው ዲስኩን ነው። ከመውደቅህ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር፣ ከወደቅክ በኋላ ምን እንደቀረብህ የምትናገረው አንተ ነህ።

ስለ አደጋው አጭር ሁን። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን ይዘህ እንደነበር፣ እንዴት እንደወደቅክ፣ ማን እንዳየ፣ ለማን እንደተናገርክ፣ መጀመሪያ የት እንደታከምክ። በቃ። ቀን የምትረሳ ከሆነ በወረቀት ጽፈህ ያዝ፤ ማየት ነውር የለውም። የፎርማኑ ነገር እንደሚያንገበግብህ ይገባኛል፤ እዚያ ግን አታምጣው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ ጥፋተኛ ፈልጎ ማቅረብ ያንተ ሸክም አይደለም። አሠሪው ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ሲጥስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ሲገባም እንዲሁ። «በዕለቱ የጠጣኸው፣ የቃምከው ነገር ነበር?» ቢሉህ ታዲያ እንደ ስድብ አትቁጠረው። በአንድ ዓረፍተ ነገር እውነቱን መልሰህ ዝም በል።

በርጫውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ይቅር በለኝ። ጅማ ላይ በርጫ ተቀምጦ ያልታየ ማን አለ? ጥያቄው ግን መምጣቱ አይቀርም፦ «ወገቡን የሚያመው ሰው እንዴት ከሰዓቱን ሙሉ ይቀመጣል?» ታዲያ አቀማመጥህን ንገራቸው። ትራስ ተደግፈህ ጋደም ብለህ ነው? መሃል ላይ ስንቴ ትነሳለህ? ስትነሳ ማን ይስብሃል? ብትክድ ያዩህ ሰዎች አሉ፤ ብትናገር ግን የሚቀረው አንድ ጋደም ያለ ሕመምተኛ ነው።

የወጌሻውንም አትደብቅ፤ መቼ እንደታሸህ ጨምረህ ተናገር። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄደህ ኋላ ከታሸህ ቅደም ተከተሉ ላንተ ነው የሚጠቅመው። ፊዚዮቴራፒ አቋርጠህ ከነበረም ምክንያቱን በል። የባጃጅ ብር ማጣት ምክንያት ነው። ዝም ካልክ «ተሽሎት ነው የቀረው» ይባላል። ለነገሩ የሕክምናህን ወጪ መሸፈን የአሠሪህ ግዴታ ነው፤ ደረሰኝ አትጣል።

ወንዶች የሚያፍሩባቸው ጥያቄዎችም አሉ። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ትችላለህ? ሽንትህስ? ከባለቤትህ ጋር ያለህ ግንኙነት? ሐኪሟ ሴት ብትሆንም መልስ፤ ነርቩ ምን ያህል እንደተነካ የሚታየው እዚያ ነው። ከቦርዱ ጋር የማይገናኝ ግን የማላልፈው ነገር፦ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ወይም ጭኖችህ መሃል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ግባ። ካደረ የማይመለስ ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ሕመምህን የሚቀናህ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ተናገር። ጅማ ነው ያለኸው፤ ከሐኪሞቹ አንዱ ወይም ነርሷ ትሰማሃለች። ካልሆነም ገና ስትገባ «የሚያስተረጉምልኝ ሰው እፈልጋለሁ» በል። መደንዘዝ፣ መውጋት፣ መቆጥቆጥ፣ ማቃጠል የተለያየ ነገር ነው፤ በተዋስከው ቋንቋ ሁሉም «ያመኛል» ሆኖ ይቀራል። ጥያቄ ካልገባህም «ይድገሙልኝ» በል እንጂ ለአክብሮት ብለህ «አዎ» አትበል።

የደመወዙ መቀነስ ብቻውን በደል አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የመጀመሪያውን 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀረውን 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው የሚለው። አንተ ስምንተኛው ወር ላይ ነህ። ከግማሽ በታች ከወረደ ግን ጠይቅ። ቦርዱም ጉዳቱን በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ ነው የሚመዝነው፤ ቀጠሮህ በጊዜው ነውና እንዳታሳልፈው።

ጠበቃ ለቦርዱ አያስፈልግህም። ውሳኔው ሲሰጥ ግን ኮፒውን ሳትይዝ አትውጣ። የተሰጠህ ፐርሰንት ስህተት ነው ካልክ ወይም ኋላ ከባሰብህ ጉዳቱ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ መብትህ ነው። አሠሪህም ያው መብት አለው፤ «ተሽሎታል» ብሎ ሊያስመረምርህ ይችላል። ጡረታ መሥሪያ ቤቱ በሚሰጠው ውሳኔ ካልተስማማህ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ። ከአሠሪህ ጋር ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ከመጣ ደግሞ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ብቻ አታዘግየው። ሌላ የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት የሥራ ክስ በ1 ዓመት በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ፣ ይታገዳል፤ ላንተ የቀረህ አራት ወር ነው ብለህ አስብ።

ባለቤትህን ይዘሃት ሂድ። ካስገቧት ሌሊቱን የምታየው እሷ ናትና ትናገር። ካላስገቧትም ውጭ ትጠብቅህ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሁለት ማታ እሷ ሐኪም ትሁንና ትጠይቅህ። «እንዴት ነህ?» ብላ ትጀምር። «ደህና ነኝ» ካልክ እንደገና ትጠይቅህ።